የፈረንሳዮቹ ማሳ

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው የያዙኝ። አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ ከሆነች ገና ብዙም አልቆየችም ነበር። በስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ገበሬው ሳይጠየቅ መሬቱ ለምን ለሌላ ይሰጣል ብዬ ነበር። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ቆርቆሮው ቀን ይፋጃል፤ የማሽላ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። ከእኔ በፊት የታሰረ ሰው ከበሩ ትይዩ ከካላንደር የተቀደደ ሥዕል ለጥፏል። የፈረንሳይ ገጠር ነው፤ የታጨደ ማሳ፣ ነዶ የሚያስሩ ሴቶች፣ ዛፍ ሥር ዳቦ የሚቆርስ ሽማግሌ፣ ከበላዩ ዝናብ ያዘለ ሰማይ።

አብረውኝ የታሰሩት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ አንድ የኩርሙክ ገበሬ ነበሩ። መሬቴን አልለቅም ብለው ነው የመጡት። መምህር ለማለት ኡስታዝ ይሉኛል። ሥዕሉን ሲያዩ ይውላሉ።

«ይሄ ሴት በራሱ መሬት ነው የሚሠራ፣ ወይስ በሰው?» አሉኝ አንድ ቀን።

አላውቅም አልኳቸው።

«ወላሂ የራሱ ነው። እየው፣ አይፈራም።»

አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ ኃላፊ ገባና ሥዕሉን አየ። ይህ የውጭ አገር ነገር እዚህ ምን ይሠራል፣ ቅደደው አለኝ። እምቢ ካልኩ ባለቤቴ የምታመጣልኝ ስንቅ በር ላይ እንደሚቀር ነገረኝ።

«እኔ አልቀድም» አልኩት። «ራስዎ ይቅደዱት።»

ቀደደው። ስንቄም ቀረ። ገበሬው የማሽላ ገንፏቸውን ለሁለት ከፈሉት። ከበላን በኋላ ከግቢው ምድጃ ያነሷትን ከሰል አውጥተው፣ ሥዕሉ በነበረበት ቦታ የራሳቸውን ማሳ ይስሉ ጀመር። እርሳስ ይዘው አያውቁም። ቢሆንም የቀርከሃ ጎጆው፣ ማሽላው፣ ጎንበስ ብላ የምታርም ሴት ቀስ በቀስ ታዩ። እኔ ማንጎ ዛፍ ጨመርኩበት።

ኃላፊው በማግስቱ መጥቶ ጥረጉት አለ።

«መሬቴ ነው። አልጠርግም» አሉት ገበሬው።

ሁለታችንም ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን ቆምን። በዱላ ትከሻዬን መታኝ። እሳቸውንም መታ። አልተንቀሳቀስንም። በመጨረሻ ዱላውን አውርዶ በሩን ዘግቶ ሄደ።

ከተፈታን ከዓመታት በኋላ ኩርሙክ ገበያ ላይ ተገናኘን። ስለ እስሩ አላነሳንም፤ ስለ ልጆቻችን አወራን።

ዛሬ ወጣቶች አልፈሩም ወይ ይሉኛል። ፈርቼ ነበር። እየፈሩም እምቢ ማለት ይቻላል።