የጋሼ በልሁ ባለ ሦስት ዓምድ ደብተር

ለንስሐ አባቴ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬ ተናግሬያለሁ። ስለ ጋሼ በልሁ ደብተር ግን ለእሳቸውም፣ ለእናቴም፣ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አሁን ለማታውቀኝ ለአንተ ለአንባቢው የምናገረው ደፋር ስለሆንኩ እንዳይመስልህ። ፊትህን ስለማላይ ነው። እንዴት እንደምታየኝ ባይ ኖሮ ይህንንም ግማሹን ዋሽቼ እነግርህ ነበር።

እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። በሬን ቆልፌ ሁለቴ ተመልሼ የምነካ፣ ሰው ሲያመሰግነኝ ምን ፈልጎ ይሆን የምል ሴት ነኝ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ጋሼ በልሁ እኔ በተከራየሁበት ግቢ ከቤቴ ትይዩ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይተው ሲገቡ፣ በልቤ መጀመሪያ ያልኩት እኚህ ሰውዬ በዚህ ዕድሜያቸው ብቻቸውን ምን ሊሠሩ መጡ ነው።

የመጡት ማሾ ለሚባለው ጥራጥሬ ነበር። የእህል በሽታ አጥኚ ናቸው። በወጣትነታቸው ሩሲያ ተልከው አሥራ ሁለት ዓመት ተምረዋል፤ የተማሩትን ሁሉ የተማሩት በሩሲያኛ ነው። ከቀወት ወረዳ ገበሬዎች ጋር ማሳ ለማሳ ሲዞሩ ወሬያቸው እንደማንኛውም የሸዋ ሰው ነው፤ ስለ ቅጠልና ስለ ተባይ ሲያስቡ ግን በሩሲያኛ እንደሚያስቡ ራሳቸው ነግረውኛል። በየስብሰባው እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፈው ሲናገር እሳቸው ዝም ብለው ሲወጡ ኖረዋል። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ አንድ የዘር ምርምር ተቋም ለቃለ መጠይቅ ጠራቸው። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከጡረታ በፊት የቀራቸው ዕድልም ይኸው ብቻ ነበር። ካለፉ በማሾ ላይ የለፉበትን ጥናት ሰው ያየዋል፤ ካላለፉ በሩሲያኛ እንደተጻፈ ሣጥናቸው ውስጥ ይቀራል።

ተራውን እንግሊዝኛ ያውቁታል። የቸገራቸው ከፍ ያለው ነው፤ ከባባዶቹ ቃላትና ቃል በቃል ቢፈቷቸው ትርጉም የማይሰጡት ፈሊጦች። ለዚህ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። አንድ ወፍራም ደብተር በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፍለው በመጀመሪያው ዓምድ የእንግሊዝኛውን ፈሊጥ፣ በሁለተኛው የሩሲያኛውን አቻ፣ በሦስተኛው የአማርኛውን ይጽፋሉ። ሦስተኛው ካልሞላ ነገሩ አልገባኝም ማለት ነው ይሉ ነበር። ሰው ሲታለል እንግሊዞች ዓይኔ ላይ የበግ ፀጉር ጎተቱብኝ ይላሉ፤ ሩሲያውያን ደግሞ ጆሮዬ ላይ ፓስታ ሰቀሉብኝ ይላሉ። ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። የአማርኛውን ለመሙላት ባጃጅ ተራ ድረስ ሄደው ጠየቁና ሸወደኝ፣ ፎገረኝ፣ አሞኘኝ የሚሉትን ሁሉ ለቅመው መጡ።

አስተማሪያቸው እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አውጥተን እንቀመጣለን። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው መምህርት እያሉ ይጠሩኛል። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስታዬ እውነተኛ ነው።

ከዚያ ጥያቄያቸው ከአቅሜ በላይ ሆነ። እኔ የመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን አውቃለሁ፤ ከዚያ ወጣ ያለውን አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን እንግሊዞች ቀይ ዓሣ የሚሉት ምን ለማለት ነው አሉኝ። አላውቀውም ብል ምን ነበረበት? አልቻልኩም። ብርቅ ነገር፣ በቀላሉ የማይገኝ ነገር ማለት ነው አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አቁመው ከመነጽራቸው በላይ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ጻፉት፤ አመሰገኑኝም። በሌላ ቀን ሌላ ጠየቁኝ፣ እሱንም ፈጠርኩ። አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ፈጠራው ቀለለኝ።

ያቺ እይታቸው ግን ሰላም ነሳችኝ። አውቀውብኛል? እያወቁ ሊፈትኑኝ ነው የሚጠይቁኝ? ነገ ለርዕሰ መምህሩ ቢያወሩስ? ቀስ በቀስ ሁሉ ነገራቸው ጥርጣሬ ሆነብኝ። ገበያ ላይ የሽንኩርት ነጋዴዎችን እየጠየቁ ሲጽፉ ሳይ፣ እውነት ፈሊጥ ብቻ ነው የሚሰበስቡት እል ጀመር። ፈሊጥ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደብተሩን በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ። ግን ጥርጣሬው ጣፈጠኝ። እሳቸው ጥፋተኛ ሆነው ቢገኙ እኔ ከአላዋቂነቴ የምድን መሰለኝ።

ጊዜውም አስቸጋሪ ነበር። መንገዱ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት፣ ኢንተርኔት የጠፋበት ወራት ነው። ደብተር ይዞ የሚጠይቅን ሰው ሁሉም በጎሪጥ ያየዋል። ቃለ መጠይቁ አራት ቀን ሲቀረው ጋሼ በልሁ በሚኒባስ በዋናው መንገድ ላይ ወዳለችው ጀውሃ ሄዱ። የከባድ መኪና ሹፌሮች ምሳ የሚበሉበት ቤት ገብተው፣ ሰው ሲሸሽ ምን ትላላችሁ ብለው ጠየቁ። እግሬ አውጪኝ አለ እንላለን አሏቸው። እንግሊዞቹም ሩሲያውያኑም ስለ ሽሽት ሲናገሩ ተረከዝን ይጠቅሳሉና፣ ሦስቱም እግር ላይ ተገናኙልኝ ብለው ደስ እያላቸው ሲጽፉ ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው ፊደሉን አየ። ሹፌሮችን ስለ ሽሽት የሚጠይቅ፣ በማይነበብ ፊደል የሚጽፍ ሰው ሆኑ ማለት ነው። ተይዘው ወደ ሸዋ ሮቢት ፖሊስ ጣቢያ ተወሰዱ።

በማግሥቱ እኔን ከክፍል አስጠሩኝ። ደብተሩ አንድ የሚወብቅ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ጋሼ በልሁ እዚያ የሉም። የጠራኝ ሰው ትሁት ነበር። ወንበር ሰጠኝ፣ ውኃ ቀዳልኝ። ሰውዬው ቋንቋ መማሪያዬ ነው እንዳሉና ምስክራቸው እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ። ከዚያ ጣቱን ሁለተኛው ዓምድ ላይ አሳረፈ።

"መምህርት፣ ይሄን ያውቁታል?" አለኝ።

ገጹን አየሁት። ቀይ ዓሣ ያለበት ገጽ ነበር። በሦስተኛው ዓምድ፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈታቸው፣ ብርቅ ነገር ተብሎ የኔ ውሸት ተጽፏል። አውቀዋለሁ ካልኩ፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ ልል ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ ካልኩ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው ይመጣና ያነበዋል።

"አላውቀውም" አልኩ።

አላውቀውም አልኩ። ሩሲያኛ መሆኑን እያወቅሁ አላውቀውም አልኩ። የፓስታውን ጨዋታ እያስታወስኩ አላውቀውም አልኩ። ማንም አላስፈራራኝም፣ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገብኝም። ውኃውን ጠጥቼ፣ በባጃጅ ተመልሼ፣ የቀረኝን ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ።

አሥራ አንድ ቀን ታስረው ቆዩ። ቃለ መጠይቁ አለፋቸው፤ ቦታውንም ሌላ ሰው ያዘው። በአሥራ አንደኛው ቀን ሩሲያ የተማረ ሐኪም ከደብረ ብርሃን ተገኝቶ ደብተሩን ለመርማሪዎቹ አነበበላቸውና ጋሼ በልሁን ለቀቋቸው። በነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ ምሳ ቋጥሬ ወስጄላቸዋለሁ። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ምሳውን የወሰድኩት ጎረቤት እንዲያየኝ ነው።

ዕቃቸውን ሸክፈው ደብረ ሲና እህታቸው ጋ ሊሄዱ ሲሉ በሬን አንኳኩ። ከስተዋል። ለተማሪዎችሽ ይሆናል ብለው ደብተሩን ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ።

"ጠርተው እንደጠየቁሽ ነግረውኛል" አሉኝ። "ፈርተሽ ነው። በዚህ ጊዜ የማይፈራ ማን አለ? እኔ በልቤ አልያዝኩብሽም፤ አንቺም አትያዢው።"

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ፣ ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ፈርቼ ነው አልኳቸው። አላውቀውም ካልኩት ይልቅ የሚቆጠቁጠኝ ይሄ ነው። ያልሠራሁትን፣ የፍርሃትን በደል ይቅር አሉኝ፤ እኔም ይቅርታውን ተቀብዬ በሬን ዘጋሁ። የሠራሁት እስከ ዛሬ ይቅርታ ሳያገኝ ተቀምጧል።

ደብተሩን ለወራት አልከፈትኩትም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ነው አውጥቼ የስልኬን ካሜራ በሩሲያኛው ላይ የያዝኩት፤ ስልክ አሁን ፊደል እያየ ይተረጉማል። ስለኔ የጻፉትን ክፉ ነገር ነበር የምፈልገው። ተጠራጣሪ ነኝ አላልኩህም? እስከዚያ ሰዓት ድረስ የምጠረጥረው እሳቸውን ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ፣ በሩሲያኛ የተጻፈ ዝርዝር አገኘሁ። ሰባት ቃላትና ፈሊጦች ናቸው፤ ሰባቱም እኔ ትርጉም የፈጠርኩላቸው ናቸው። ከያንዳንዱ ጎን እኔን የጠየቁበት ቀንና ትክክለኛው ፍቺ አለ። ቀይ ዓሣ ብርቅ ነገር አይደለም፤ ሰው እውነተኛውን ትቶ ሌላውን እንዲጠረጥር ሆን ተብሎ የሚጣል ማሳሳቻ ነው። ከዝርዝሩ በላይ አንዲት መስመር አለች፤ ስልኩ በተሰባበረ አማርኛ አወጣልኝ። "ለአስተማሪዋ አለመናገር። ታፍራለች" ይላል።

ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር ማለት ነው። እያወቁ በየቀኑ ወንበራቸውን ያወጡ ነበር፣ እያወቁ መምህርት ይሉኝ ነበር። የአንድን ሰው የመጨረሻ ዕድል ያበላሸሁት፣ ሰውየው ራሱ አስቀድሞ የሸፈነልኝን ነውር ልሸፍን ብዬ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ደብረ ሲና ወጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ መናኸሪያው ላይ ቆሜ፣ ብርዱን ሰበብ አድርጌ፣ በመጣሁበት ሚኒባስ ወርጃለሁ።

ይህን ወረቀት ግን እልክላቸዋለሁ። ይቅርታ አልጠይቅበትም፤ ከጠየቅሁ እንደሚሰጡኝ አውቃለሁና። አንድ ነገር ብቻ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ጋሼ በልሁ፣ ያን ቀን አልፈራሁም። ሩሲያኛ መሆኑን አውቅ ነበር፣ የአንቱ መሆኑን አውቅ ነበር፣ አላውቀውም አልኩ።