ድልድዩ ላይ የያዘኝ እንቅልፍ

ይህ የደረሰብኝ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ በምንኖርበት ጊዜ ነው።

ያኔ ሌሊት ሲታክ በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ሆቴል አጸዳለሁ፤ ቀን ታክሲ እነዳለሁ። ምግቤ ዶናትና ቡና ነበር፤ ሲደክመኝ ቢራ እጨምርበታለሁ። ከሳሁ። ጢሜ ሳሳ። ከሁሉ የከፋው ግን ለባለቤቴ ለሰናይት ባል መሆን አቃተኝ። ልጅ እንፈልግ ነበር፤ የእኔ ፍላጎት ግን ድራሹ ጠፋ። እሷ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት። መድኃኒት የሌለው በሽታ ይዞኛል ብዬ ብቻዬን ፈራሁ።

አንድ እሑድ ጠዋት ከሐይቁ ማዶ ቤልቪው ዘመድ ልንጠይቅ፣ ውሃው ላይ በተዘረጋው ተንሳፋፊ ድልድይ ስንሻገር፣ እየነዳሁ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። የነቃሁት በሰናይት ጩኸት ነው። መሪውን ይዛ ትታገላለች፤ መኪናዋ የድልድዩን ግንብ ትፍቃለች፤ ከግንቡ ማዶ ሐይቁ ይታየኛል። እንደምንም ፍሬን ያዝኩ። ከቆምንም በኋላ እግሬ ከፍሬኑ ላይ አልነሳ አለኝ።

ሰናይት ትንፋሿን ሰብስባ፣ "ነገ ዶክተር ጋ ኮል አደርጋለሁ። አብሬህ እገባለሁ" አለችኝ።

ሐኪሙ ሸምገል ያሉ አሜሪካዊ ነበሩ። ደሜ ተመረመረ። ውጤቱን ልንሰማ አብረን ተመለስን።

"ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንዶች ሆርሞን ወርዶብሃል። ሌላ በሽታ ግን አላገኘሁም" አሉ። "መቼ ነው የምትተኛው?"

ሰናይት ቀድማኝ፣ "አይተኛም" አለቻቸው።

"ልጅ አልወልድም ማለት ነው?" አልኩ።

"እሱን አሁን ማንም አይነግርህም። መጀመሪያ ተኛ። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ ምስር ብላ። ቢራውን ቀንስ፣ በእግርህ ተንቀሳቀስ። ከዚያ እንደገና እንመረምርሃለን።"

የሌሊቱን ሥራ ተውኩ። ሰናይት ቁርስ ሳልበላ ከበር አታሳልፈኝም ነበር። መጀመሪያ የተመለሰልኝ እንቅልፌ ነው፤ ሌላው ቀስ እያለ መጣ። ሁለተኛው ምርመራ እስኪደረግ ግን ፍርሃቱ አለቀቀኝም። ውጤቱ ደህና ነው ሲሉኝ ሰናይት እጄን ይዛ አለቀሰች። ቆይቶም ሴት ልጅ ወለድን።

አሁን ልጃችን ራሷ መኪና ትነዳለች። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያን እሑድ ሰናይት አጠገቤ ሳለች እንቅልፉ ባይዘኝ ኖሮ፣ ሰኞ ጠዋት ተሳፋሪ ይዤ ያንኑ ድልድይ ስሻገር ይይዘኝ ነበር፤ ያኔ መሪውን የሚይዝልኝ አይኖርም።