የሶዶው ታንከርና የአረካዋ ቅቤ ነጋዴ

ከዳሞታ ተራራ ሥር ያለው ትልቁ የብረት ታንከር መሙላቱና መጉደሉ የሚታወቀው በድንጋይ ነበር። የፓምፕ ጣቢያው ኦፕሬተር ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ናቸው። ጠዋትና ማታ ቡጢ የምታህል ድንጋይ ይዘው ታንከሩን እየዞሩ ከላይ እስከ ታች ኳ ኳ ያደርጉታል። ብረቱ ከጮኸ ባዶ ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ውሃ አለ። ሰምተው ሲያበቁ ፓምፑን ያስነሳሉ፣ ወይም ተመልሰው አግዳሚያቸው ላይ ይቀመጣሉ። የሶዶ ግማሽ ሕዝብ ፊቱን የሚታጠበው በዚህች ድንጋይ ፈቃድ ነበር ማለት ነው።

እኔ ደግሞ ድንጋይዋን ጡረታ ላወጣት የመጣሁ ሴት ኢንጂነር ነበርኩ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። ከሥልጠና ሲመለስ «ዲጂታል» የምትል ቃል ይዞ መጥቶ፣ ስብሰባ ሲከፍትም ሲዘጋም እሷኑ ይደጋግም ጀመር። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። የውሃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ታንከሩ ውስጥ አስገባሁ፤ ከላዩ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳና ሲም ካርድ ያለው ሳጥን አሰርኩ። ውሃው ሲወርድና ሲሞላ ሳጥኑ ወደ ቢሮው ስልክ መልእክት ይልካል። ጸሐፊያችን ታነባለች፤ ለኦፕሬተሩ ትደውላለች፤ ፓምፑ ይነሳል። ነገሩ ይኸው ነው።

ኦፕሬተሩ መሰላሉ ሥር ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር ባትሪው ሲያልቅስ?» አሉኝ።

«በፀሐይ ይሞላል፣ ጋሼ።»

«ጥሩ ነው። የእኔ ድንጋይ ግን ቻርጅ ተደርጋ አታውቅም።»

መልእክቱን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሳጥኑ ፊደላችንን ስለማያውቅ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነው የጻፍኩለት። ደረቅ ቁጥር ብቻ ከላክን ማንም አይደነግጥም ብዬ፣ ራሱ ታንከሩ እንደሚናገር አድርጌ አዘጋጀሁት። ሲሞላ «የሶዶው ታንከር ነኝ። ሞልቻለሁ። አመሰግናለሁ» ይላል። ሲጎድል «የሶዶው ታንከር ነኝ። ዝቅ ብያለሁ። እርዱኝ» ይላል። ለመጨረሻው ክፉ ቀን ደግሞ «ባዶ ነኝ። ድረሱልኝ» የምትል አስቀመጥኩ። በራሴ ስልክ ሞከርኩት፤ እንደ ሰዓት ሠራ። ከዚያ የእኔን ቁጥር አጥፍቼ የቢሮውን አስገባሁ፤ መሰላል ላይ ተንጠልጥዬ፣ በአንድ እጄ። የመጨረሻዋ ስድስት ዘጠኝ ሆና መግባቷን አላየሁም።

ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ያህል ደስ ብሎኝ ኖርኩ። በየሁለት ቀኑ በጸሐፊዋ በር ብቅ እያልኩ «መልእክት ይገባል?» እላታለሁ።

«ኧረ በሽ ነው! ቀኑን ሙሉ!» ትለኛለች።

እኔም ለኃላፊው «ሥርዓቱ በተሳካ ሁኔታ በመሥራት ላይ ይገኛል» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ኃላፊው ሪፖርቱን አንብቦ ዝም ቢል ኖሮ መልካም ነበር። እሱ ግን ከዞን እንግዶች ጠራ፤ መሣሪያው በዓይናቸው ፊት እንዲሠራ ፈለገ።

እንግዶቹ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ ስለተባለ ፓምፑ ከማታው ጀምሮ እንዳይነሳ አደረግን። ሐሳቤ ታንከሩ በራሱ ጊዜ እንዲወርድና እነሱ ሲደርሱ «እርዱኝ» እንዲል ነበር። በሰዓቱ ደረሱ። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፤ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ቀርቧል (ከቧንቧው አይደለም)። የቢሮው ስልክ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ኃላፊው ስለ ዲጂታል ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ከዚያ ሁላችንም ስልኩን ማየት ጀመርን።

ስልኩ ዝም አለ። ኦፕሬተሩ ከኋላ በኩል ወደ ታንከሩ ጠጋ ብለው በድንጋያቸው አንዴ ቢነኩት እንደ ደወል ጮኸ።

«ባዶ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

በዚህ መሀል ስልኩ ጢጥ አለ። እንግዶቹ ከወንበራቸው ተነሱ። ኃላፊው ስልኩን አንስቶ ጉሮሮውን ጠረገና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ የሳምንት መጨረሻ ጥቅል በልዩ ቅናሽ...» ድምፁ እየሟሟ ሄደ። ጸሐፊዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ይኸው! አላልኩሽም? ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው» አለችኝ።

የዚያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልቃወምም ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። ሌላው ሰፈሩ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ለምን እንደጠፋ ጠየቀ። ምን እንደምመልስ ሳስብ ባጃጅ እየተንደረደረች ግቢው በር ላይ ቆመች።

ከባጃጇ የወረዱት ስድሳ የተጠጉ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አደግድገዋል፤ በአንድ እጃቸው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ በሌላው ስልካቸውን ይዘዋል። ባለ ባጃጁ ከኋላቸው እየሳቀ ወደ እኛ ጮኸ፦ «መናኸሪያ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ‹ታንከር የሚባል የታመመ ሰው ቤቱ የት ነው?› ስትል አገኘኋት። እኔ የማውቀው ታንከር ይሄ ብቻ ነው፣ አመጣኋት።»

ሴትየዋ እኛን ሁላችንን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ወንበር የተደረደረበት ግቢ፣ ዝም ያለ ሕዝብ፣ የተከዘ ፊት። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አመጡ።

«ሞተ እንዴ?» አሉ።

«ማን?» አልኩ።

«ታንከር ነዋ! ጠዋት ‹ባዶ ነኝ፣ ድረሱልኝ› ብሎ ላከብኝ። በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የመጣሁት፣ ልጄ። ሱቄን እንኳ በደንብ አልዘጋሁም።»

ስልካቸውን ተቀብዬ አየሁ። አርባ ቀን ሙሉ የላክናቸው መልእክቶች፣ አንድም ሳይጎድል፣ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

ወንበር ስንሰጣቸው ነገሩን ከመጀመሪያው አጫወቱን። አረካ ገበያ ቅቤ ይነግዳሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አንድ ቀን ስልካቸው ጮኸ፤ የፈረንጅ ፊደል ስለማያነቡ አጠገባቸው ላለው ልብስ ሰፊ ሰጡት። ልብስ ሰፊው «የሶዶው ታንከር ነኝ። ዝቅ ብያለሁ። እርዱኝ» ብሎ አነበበላቸው። በማግሥቱ ደግሞ «ሞልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» መጣ።

«ልብስ ሰፊው ‹ይሄ ሰውዬ ሰካራም ነው፤ ሲጠጣ ይሞላል፣ ሲበርድለት ይጸጸታል› አለኝ። በኋላ ደግሞ ‹ፈላጊሽ ነው መሰለኝ› ብሎ ቀለደብኝ። እኔ ግን የሐዘን ድምፅ አውቃለሁ። ብደውልለት አያነሳም። ሰው ‹እርዱኝ› እያለ ስልክ የማያነሳው ታሞ ነው እንጂ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፦ «ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጸሎት አስያዝኩለት። ቄሱ ‹የክርስትና ስሙ ማን ነው?› አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ‹እግዚአብሔር ያውቀዋል› ብለው ታንከር እያሉ ጸለዩለት።»

እንግዶቹ መሬት መሬት ያያሉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ኃላፊው ብቻ ቆሞ ቀረ፣ ያ ስልክ አሁንም በእጁ ነው። ኦፕሬተሩ ወደ ሴትየዋ ቀረብ ብለው በወላይትኛ «ሳሮ» ብለው ሰላምታ ሰጧቸውና ታንከሩ ማለት ይሄ ብረት እንደሆነ ነገሯቸው። ሴትየዋ ቀና ብለው ታንከሩን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

እኔ ስድብ ነበር የጠበቅኩት፤ ይገባኛልም። እሳቸው ግን «እሺ፣ ብረት ይሁን» አሉ። «ብረትም ቢሆን ጤነኛ አይደለም።»

«እንዴት?» አላቸው ኃላፊው።

«ማታ ‹ሞልቻለሁ› ብሎ ይተኛል። ሌሊት ዶሮ ሳይጮህ ‹ዝቅ ብያለሁ› ብሎ ይቀሰቅሰኛል። በየቀኑ! አርባ ቀን እንቅልፍ አልተኛሁም እኮ። እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ ሶዶ ሌሊት ተነስታ ልብስ ታጥባለች?»

እኔና ኦፕሬተሩ ተያየን። ከቢሮ የሚደውልላቸው ስለሌለ እሳቸው አሁንም በድንጋያቸው የሚያንኳኩት ጠዋትና ማታ ነው። ጠዋት ጎድሎ ሲያገኙት ሕዝቡ በማለዳ ተነስቶ ተጠቀመበት ይላሉ፤ ሌሊቱን ማንም አይቶት አያውቅም። ከተማ ተኝቶ ታንከር ከወረደ ግን ውሃው መሬት ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም መጥቶብኝ በትክክል መልሼዋለሁ። ያስታወሱኝ ግን ከአረካ የመጡት ቅቤ ነጋዴ ናቸው።

እንግዶቹ ሲሄዱ እሳቸውን አልለቀቅኳቸውም። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ የስልካቸውን መልእክቶች ከነሰዓታቸው አንድ በአንድ ወደ ሠንጠረዥ አስገባኋቸው። የታንከሩ ብቸኛ ታሪክ የተቀመጠው በእሳቸው ስልክ ውስጥ ነበር። ለምን እንዳልደመሰሱት ስጠይቃቸው ተቆጡ፦ «የተቸገረ ሰው ቃል ይደመሰሳል?»

ቁጥሩን አስተካከልኩ። ከዚያ ወደ ሰፈሮቹ የሚወርዱትን መስመሮች በየምሽቱ በየተራ እየዘጋን ጠዋት ጠዋት መልእክቱን ማየት ጀመርን። በሦስተኛው ቀን ወደ ታችኛው ሰፈር የሚሄደው ሲዘጋ ታንከሩ እንደሞላ አደረ። እኔና ኦፕሬተሩ ያን መስመር በእግራችን ተከተልን። በጋ ነው፤ ሣሩ ሁሉ ገለባ መስሏል። ከአንድ አጥር ጀርባ ግን ቅጠሉ ጃንጥላ የሚያህል፣ ጥቁር አረንጓዴ ማሳ ቆሞ ጠበቀን፤ ቦዬ የሚባለው ሥራ ሥር ነው።

ባለቤቱ በኩራት ተቀበለን። የግብርና ባለሙያዎች ሦስት ጊዜ መጥተው ፎቶ አንስተውታል። ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ ሊሸለም ሳምንት ቀርቶታል።

«ምሥጢሩ ምንድን ነው?» አሉት ኦፕሬተሩ፣ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ።

«ትጋት ነው፣ ጋሼ። መሬቱ ያውቀኛል።»

ሁለት ክንድ ያህል ስንቆፍር ተሰንጥቆ የቆየው ቧንቧ ታየ፤ ውሃው እየተንፎለፎለ ወጣ። ሰውየው ጉድጓዱን አየ፣ ቦዬውን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ ኦፕሬተሩን ወደ ጎን ወሰደና ጥገናው ከሽልማቱ በኋላ ቢሆን ምን ይመስላችኋል ብሎ ጠየቀ። አልተስማማንም። እሱም ለቂም የሚሆን ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ከማሳው ነቅሎ አንድ ከረጢት ቦዬ አሸከመን። ጣቢያው ግቢ ተቀቀለ። የአረካዋ እናት ይዘውት የመጡት ቅቤ ነበር፣ ጸሐፊዋ የሚያቃጥል የበርበሬ ዳጣ አመጣች፤ ኃላፊው ቆሞ በላ፣ ከዚያ ተቀምጦ በላ።

የአረካዋ እናት ግን በዚያ አልቆሙም። ቁጥራቸውን ከሳጥኑ ካወጣሁ ሳምንት ሳይሞላ ደወሉልኝ። «ለምን ዝም አለኝ? ቅር ብሎት ነው?» አሉ። እየሠራ ነው፣ ደህና ነው፣ አሁን የሚልከው ለቢሮው ነው አልኳቸው። «ለቢሮ ብቻ? ቢሮ እኮ እሑድ ይዘጋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መሰላሉን ወጥቼ ቁጥራቸውን ከቢሮው ቀጥሎ መለስኩት፤ የዚህን ጊዜ በሁለት እጄ፣ ኦፕሬተሩ ከሥር ቁጥሩን ጮክ ብለው እያነበቡልኝ።

አሁን ታንከሩ ሲጎድል ኦፕሬተሩ ዘንድ ቀድሞ የሚደርሰው የጸሐፊያችን ጥሪ አይደለም። «ከአረካ ተደውሎልኛል» ብለው ከአግዳሚያቸው ሲነሱ አይቻቸዋለሁ፤ ለኃላፊው እንዲያ ሲፈጥኑ አይቼ አላውቅም።

የጥገናውን ሪፖርት ስጽፍ ፎርሙ ላይ «መረጃውን የተነተነው ባለሙያ» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። «ቅቤ ነጋዴ፣ አረካ» ብዬ ሞላሁት። ኃላፊው እስክሪብቶውን አነሳ፤ ሊሰርዘው ነበር። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ከጎኑ «ለጊዜው በነፃ» ብሎ ጨምሮ ፈረመበት።