በሰፈሩ ስም የተጻፈው ሐሜት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ማንጎ በደረሰበት ሰሞን ነው፤ እዚሁ አሶሳ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቼ ረስቻለሁ። ይህን ግን መርሳት ያቃተኝ ጠላት ስላልሠራው ነው።

መጀመሪያ ማንነቴን ልናገር። ከወሎ በሰፈራ ስመጣ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ማንበብ የተማርኩት በራሴ ነው፤ ሬዲዮ መጠገን የተማርኩትም በራሴ ነው። ዘመናዊ ስልክ እጄ ሲገባም ማንንም አልጠየቅኩም፤ እየነካካሁ ለመድኩት። የሰፈራችንን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ ሲኖር፣ ፍየል ሲጠፋ፣ ውሃ ሲቋረጥ ሰው የሚሰማው ከዚያ ነው። በዚህ ዕድሜ እንደ እኔ ያለ አድሚን አሶሳ ውስጥ ካለ ይምጣና እንተያይ።

ሰው ተሰዳድቦ «ስሜ ጠፋ» የሚል አቤቱታ ሲመጣ የማስታርቀው በራሴ ዘዴ ነው። ሌሎች አድሚኖች ጽሑፉን ሰርዘው፣ ሰውየውን አስወጥተው ይገላገላሉ። እኔ ቶሎ አልሰርዝም። ከስልክ ቢጠፋ ከሰው ልብ አይጠፋምና። ሁለቱንም ጠርቼ ግቢዬ ካለው ማንጎ ሥር አስቀምጣለሁ። ያጠፋው ሰው በገዛ ድምፁ ይቅርታ ጠይቆ ለግሩፑ ይልካል። ጽሑፉ የሚሰረዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ደግሞም በሽምግልና ወግ «ሽማግሌዎቹ እንዲህ አሉ» ይባላል እንጂ «እገሌ ፈረደ» አይባልም፤ ቂም እንዳይያዝ ነው። ስለዚህም ውሳኔ ስንጽፍ የጸሐፊው ስም ተደብቆ የግሩፑ ስም ብቻ እንዲወጣ አደረግኩ። እንዲህ መጻፍ የሚችሉት አድሚኖች ብቻ ናቸው። አድሚኖቹም ሁለት ነበርን፤ እኔና እሸቱ።

እሸቱ ከወሎ በአንድ መኪና አብሮኝ የመጣ፣ የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳ ጓደኛዬ ነው። በግሩፑ ስም መጻፍን ጣቱን ይዤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት ዘሃራ እያለቀሰች ግቢዬ ገባች። ዘሃራ ገበያ ውስጥ ማር የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው ማር ነው።

«ጋሽ መኮንን፣ ምን በደልኩህ?» አለችኝ።

«እኔን ነው?»

«ማሬ ስኳር ነው ብለህ ጻፍክ። ወላሂ፣ የኔ ማር ስኳር አያውቅም! ደንበኛ ሁሉ አይቶኝ አለፈ።»

ስልኬን ከፈትኩ። «የዘሃራ ማር የስኳር ውሃ ነው፤ ለልጆቻችሁ እንዳትሰጡ» ይላል። ከላዩ ያለው የሰፈራችን ስም ነው፤ የሰው ስም የለውም።

አንድ ዱርዬ ስልኬ ውስጥ ገብቶብኛል ብዬ አሰብኩ። እሸቱን ለመጠርጠር ልቤ እምቢ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የይለፍ ቃሌን ስቀያይር ዋልኩ። ሚስቴ ስታየኝ ቆይታ፣ «የእሸቱ ልጅ የማር ሱቅ የከፈተው በዚህ ሰሞን አይደል?» አለችኝ።

በማግስቱ እሸቱን ጠርቼ ማንጎው ሥር አስቀመጥኩት።

«እሼ፣ አንተ ነህ?»

አልካደም። የሰጠሁትን ማንጎ እየላጠ፣ «ልጄ ገና ጀማሪ ነው። ገበያው ሁሉ የሷ ሆኖ እንዴት ይቁም?» አለኝ።

«እንግዲያው በድምፅህ ይቅርታ ጠይቃት። ደንቡን ታውቃለህ።»

ሳቀብኝ። «ማን ያምንሃል፣ መኬ? ‹እኔ ሳላውቅ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ዝንብ አታልፍም› እያልክ አይደል እንዴ የኖርከው? ይኸው፣ እሷም አንተን ነው ያለችው።»

የራሴን ማንጎ በራሴ ቢላ በልቶ ወጣ።

ብዙ አሰብኩ። ማስረጃ የለኝም። ሁለት ሽማግሌዎች ግሩፑ ላይ «አንተ ነህ፣ አንተ ነህ» ስንባባል የዘሃራ ማር ሳይሸጥ ይከርማል። ስለዚህ ዘሃራን አስጠራሁና አጠገቤ አስቀምጬ ስልኬን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«መኮንን ነኝ። ስለ ዘሃራ ማር የተጻፈው ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ግን በምመራው ግሩፕ ስም ስለተጻፈ ይቅርታ የምጠይቃት እኔ ነኝ።»

ላክሁት። ጽሑፉንም ሰረዝኩ። ከድምፄ ሥር መጀመሪያ የታየው የሚያጨበጭቡ እጆች ምልክት ነው። የላከው እሸቱ ነበር።

ከአድሚንነት አወረድኩት፤ ከግሩፑ ግን አላስወጣሁትም። አሁን ማንም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ የሚጽፈው በስሙ ነው። እሸቱ ዛሬም በየጠዋቱ የአበባ ሥዕል ያለበት «መልካም ቀን» ይልክልኛል። አልመልስለትም። ማንጎው ሥር ያለው መቀመጫው ግን አሁንም እዚያው ነው፤ ለምን እንዳላነሳሁት አላውቅም።

የዘሃራ ደንበኞች ተመልሰዋል። ያ የእኔ ሥራ ነው፤ እኮራበታለሁ። ማን እንደጻፈውም ነግሬያታለሁ። «እሺ» አለች። ዱሮ ማር ልገዛ ስሄድ ሳልጠይቃት ሞልታ ትሰጠኝ ነበር። አሁን ግን የባልዲውን ክዳን ትከፍትና ማንኪያ ታቀብለኛለች።

«ቅመስ፣ ጋሽ መኮንን። ቀምሰህ ግዛ» ትለኛለች።

እቀምሳለሁ። ማሩ እንደ ዱሮው ጥሩ ነው። ማንኪያውን እመልስላትና፣ ማሯን እንደሚጠራጠር ገዢ ሒሳቤን ከፍዬ እሄዳለሁ።