ዋስ ያልተጠራበት ችሎት

ስብሰባ ያንገፈግፈኛል። ግን የሕግ አስተማሪ ነኝና ተጋበዝኩ፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ወርጄ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ለገበሬዎች ስለ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶች ላስረዳ። መድረኩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተደርድሯል፤ ከጓዳ የምሳው ጥብስ ይሸታል።

ከተጋባዦቹ አንዱ በአካባቢያቸው የተጣላ የሚያስታርቁ አበጋር ናቸው። ቀደም ብዬ ደውዬ «አየሩን ስለሚያበላሹት አገሮች የዓለም ፍርድ ቤቶች ቃላቸውን ሰጥተዋል» ብያቸው ነበር። ቸኩዬ ስለነበር ከዚያ በላይ አላብራራሁም።

ሽማግሌው ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። የፋብሪካና የመኪና ጭስ ባሕሩን እንደሚያሞቀው፣ የሞቀው ባሕር ዝናቡን እንደሚያዛባው፣ አገሮችም ይህን የመከላከል ግዴታ እንዳለባቸው ፍርድ ቤቶቹ መናገራቸውን አስረዳሁ። ስጨርስ ሽማግሌው ተነሡ።

«አሰላሙ አለይኩም። ጎርፍ የማሽላ መሬቴን ግማሹን በልቶታል። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ቀሪውም ይሄዳል። እነዚህ ሁለቱ ዋሶቼ ናቸው፤ የተፈረደውን እንደምቀበል ይመሰክሩልኛል። የእነዚያ አገሮች ዋስ ማነው?»

ለካ የጠራኋቸው ለችሎት መስሏቸዋል፤ በእሳቸው ወግ ሁለቱም ወገኖች ዋስ ሳይጠሩ ነገር አይሰማም። እኔ ወሎ ተወልጄ ይህን መዘንጋቴ አሳፈረኝ።

«አባባ፣ ፍርድ አይደለም፤ የምክር አስተያየት ነው። ማንንም አያስገድድም። ግን ክብደት አለው፣ ነገ ለሚከስ መሠረት ይሆናል።»

«ማነው የሚከሰው?»

«መንግሥታት።»

አንዱ ጎረቤታቸው «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«ወላሂ፣ ምክርማ እኔም እሰጣለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ከምሳ በኋላ የስብሰባው አዘጋጅ ሪፖርቱን እንድፈርምበት አቀረበችልኝ፤ «ተሳታፊዎች በቂ ግንዛቤ አግኝተዋል» ይላል። የሽማግሌው ጥያቄ የት እንደገባ ጠየቅኋት። «ከርዕሳችን ይወጣል» አለችኝ። በእሷ ተናድጄ፣ ራሴን ተጸይፌ ፈረምኩ። ጥብሱንም በልቼ ነበር።

በር ላይ ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ መረቁኝ።

«ደክመህልናል፣ አላህ ይስጥህ። ቅዳሜ ደቦ ጠርቻለሁ፤ ጎርፉን ቢመልስልን በወንዙ ዳር ድንጋይ እንክባለን። ሰው አንሶናል። ትመጣለህ?»

ቅዳሜ ደሴ ውስጥ ሌላ እንዲህ ያለ ስብሰባ ነበረኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኳቸው፤ እንደማልሄድ እያወቅሁ።