ጠዋት ጠዋት የሚከዳኝ ድራም

ባለፈው ሳምንት ከጠባሴ ወደ ደብረ ብርሃን መሀል ከተማ በባጃጅ ስመለስ ሾፌሩ ሙዚቃ ከፍቶ ነበር። ከወንበሩ ሥር ያስቀመጠው ድምፅ ማጉያ ዱም ባለ ቁጥር ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ዘፈኑን ትቼ ያንን ዱምታ ብቻ አዳመጥኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው፤ አይደክም፣ አይቆጣ።

«ይህን ድራም የሚመታው ማነው?» አልኩት።

«አባባ፣ ማንም አይመታውም። ኮምፒውተር ነው።»

«ጠርጥሬ ነበር። ሰው ቢሆን አንዴ እንኳ ይሳሳት ነበር።»

ሳቀብኝ። ይሳቅ። በዚህ ከተማ ባስ ድራም ቀድዶ፣ ወጥሮና ቃኝቶ በቴፕ ያስቀረጸው የመጀመሪያው ሰው ከኋላው መቀመጡን በምን ያውቃል?

እኔ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ኖታ አላነብም። ግን የድራም ብሎን ግማሽ ዙር ሲላላ ከመንገድ ማዶ ሆኜ እሰማለሁ። ይህን ስል ጉረኛ የሚሉኝ አሉ፤ ጉራ የሚሆነው የማይችል ሰው ሲናገረው ነው። አስተማሪ ያለው ሰው «እንዲህ ነው» ሲሉት ያምናል። እኔ የሚነግረኝ ስላልነበረ እያንዳንዱን ድምፅ እየጠረጠርኩ ነው የተማርኩት። ይህ ጩኸት ከየት መጣ? ከቆዳው ነው? ከእንጨቱ? ወይስ ከግድግዳው? ይህ ጠባይ ለድራም መልካም ነው። ለሰው ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የከተማችን የሙዚቃ ቡድን ባስ ድራም ለሰልፍ ተብሎ የተገዛ፣ ደረት ላይ ተንጠልጥሎ የሚመታ ነበር። ለአደባባይ ግሩም ነው፤ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ይሰማል። በኅዳር ወር አቶ ፍሥሐ የሚባል ሰው መቅረጫውን ጭኖ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ዘፈኖቻችንን በካሴት ሊያወጣ ተስማምቶ ነው። ለሙከራ አንዱን ቀረጸና መልሶ አሰማን። ድምፃዊቷ የለችም፣ ክራሩ የለም። ባዶ በርሜል ከዳገት ሲንከባለል የመሰለ ቧቧታ ብቻ።

«ይህ ድራም ነው ወይስ ነጎድጓድ?» አለ አቶ ፍሥሐ።

የቡድኑ አለቃና ትራምፔት ነፊ ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ድራሙን እንተወዋለን። የሸዋቀና ከበሮ ይበቃናል።»

ሸዋቀና የአንኮበር ልጅ ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ቆዳ በማልበስና በመጠፈር የታወቁ ሰው ነበሩ። እሱም በቡድናችን ውስጥ በእጅ የሚመታውን ከበሮ ይጫወታል። ከእኔ ጋር አብረን በልተናል፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰናል። ጋሽ ወልዴ ስሙን ሲጠሩ ግን ፊቱን አየሁት። ደስ አላለውም፤ አላዘነምም። እሱን በልቤ ያዝኩበት።

«አምስት ቀን ስጡኝ» አልኩ። «እንደ ሰው እንዲናገር አደርገዋለሁ።»

በአምስት ቀን ካልሆነ በካሴቱ ላይ እኔ የለሁም ማለት ነው። እናቴ ስሜን በካሴት ሽፋን ላይ ልታይ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች።

ሥራዬን ጀመርኩ። ብየዳ ቤት ሄጄ ከፌሮ ሦስት እግር አሠራሁለትና መሬት ላይ አቆምኩት። መምቻውን የአጎቴን አሮጌ በርኖስ ቆርጬ ጠቀለልኩበት፤ በጠንካራው እንጨት ቧ ይል የነበረው ዱም ማለት ጀመረ። በፊት ለፊቱ ፕላስቲክ ላይ በጋለ ቢላ የሰሃን ስፋት ያለው ቀዳዳ ከፈትኩ፤ የታመቀው አየር እንዲወጣና ማይኩ በዚያ እንዲገባ። ሆዱ ውስጥ የመንዝ ባና፣ ያንን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ አጥፌ ከተትኩ። ይህን ማንም አላሳየኝም! ኋላ ከአዲስ አበባ የመጡ የተማሩ ሰዎች ልክ እንደዚያው ሲያደርጉ አይቼ ሳቄን ነው የዋጥኩት።

የሚመታው ፊቱ ግን ቀድሞውንም ተሰንጥቆ ነበር። ፕላስቲኩ ደግሞ በከተማው አይገኝም። ቆዳ ልወጥርበት ቆረጥኩ። የበግ ቆዳ ይዤ ስመጣ ሸዋቀና አየኝና፣ «ደምሴ፣ እሱ ለአጎዛ ነው» አለኝ። «ፍየል ፈልግ።» ፈለግሁ። ጠጉሩን በአመድ ፍቄ፣ ነክሬ፣ ወጥሬ በስምንቱ ብሎን አሰርኩት።

የምንለማመደው በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ድምፁ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን ጭድ በሞላ ጆንያ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቆዳውን በየብሎኑ አጠገብ በጣቴ እየነካሁ ስምንቱንም አንድ ድምፅ እስኪሰጡ ቃኘሁት። አንዴ መታሁት። ዱም አለና ወዲያው ዝም አለ። አጭር፣ ወፍራም፣ ጨዋ ድምፅ። ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

በማግስቱ ጠዋት ስመታው ድራሜ ባዶ ስልቻ ሆኗል።

ደብረ ብርሃን በኅዳር ምን እንደሆነች የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሜዳው ላይ የተበተነ ጨው የመሰለ ውርጭ ይተኛል፤ ጣት ብረት አይነካም። እኔ ግን ስለ ውርጭ አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ቁልፍ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ሁለት ሰው ዘንድ ነው፤ ጋሽ ወልዴ ዘንድና አጠገቡ ካለችው ክፍል የሚያድረው ሸዋቀና ዘንድ። ድራሙ ቢበላሽ የሚጠቀመው ማነው? ቀኑን ሙሉ ስቃኝ ውዬ ማታ በስምንቱም ብሎኖች ራስ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። ብሎኑን የነካ ሰው ካለ መስመሩ ይዞራል።

ጠዋት ስመጣ አንድም መስመር አልዞረም። ስመታው ግን ድምፁ ማታ ከተውኩት በላይ ወጥቷል፤ ትናንት ስልቻ የነበረው ዛሬ ጧ ይላል። ብሎኑ ሳይነካ ቅኝቱ ተለወጠ! ተንበርክኬ ወለሉን አየሁ። ከድራሙ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አመድ አገኘሁ። አፍንጫዬን ወደ ቆዳው አስጠጋሁ። ከሰል ይሸታል።

ምሳ ላይ ሸዋቀና የባቄላ ቆሎ ሲዘግንልኝ ከእጁ መቀበል አስጠላኝ። «ምን ሆነሃል?» አለኝ። «ጥርሴን አሞኛል» አልኩት።

ቀረጻው ሊደረግ በነበረበት ቀን ገና ሰማዩ ሲግም ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሸዋቀና ማንደጃ ሙሉ ፍም አቀጣጥሎ፣ የድራሜን ፊት ወደ እሳቱ አዙሮ፣ መዳፉን ቆዳው ላይ ለጥፎ ተቀምጧል።

«ያዝኩህ!» አልኩ። «ልታቃጥለው ነው?»

አልደነገጠም። ይሄም አስጠረጠረኝ። «ቆዳ ነው እኮ፣ ደምሴ። ሌሊት እርጥበት ይጠጣል፤ ጠዋት ማድረቅ ነው። አባቴ ለማኅሌት የከበሮውን ድምፅ እንዲህ ነው የሚያነሳው። ትናንት ፍሙ በዝቶበት ነው እንጂ...»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ የሚነገርህ ሰው ነህ?»

ይህን በሳቅ ብሎት ቢሆን ምናልባት እሰማው ነበር። እሱ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ እውነት ተናገረው። ሄጄ ለጋሽ ወልዴ «ድራሙን ሲያቃጥል እጅ ከፍንጅ ያዝኩት» አልኳቸው። ሸዋቀና ብዙ አልተከራከረም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በገብስ መኪና ወደ አንኮበር ሄደ።

ፍሙን አውጥቼ ደፋሁት። ድራሙ ከነግማሽ እርጥበቱ ቀረ፤ እኔም በዚያው ላይ ብሎኑን አጠበቅሁ። በጣም አጠበቅሁ፤ የሚያምረው ድምፅ መጣልኝ። ሁለት ዘፈን ቀረጽን። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ የመጋዘኑን ቆርቆሮ አጋለችው፤ ድራሙ በየምቱ እየቀጠነ ሲሄድ እሰማዋለሁ፤ ግን ማቆም አፈርኩ። በሦስተኛው ዘፈን መሀል ቆዳው ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ።

አቶ ፍሥሐ ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ አወረደ። «እስከ ነገ ወዲያ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ድራምም ከበሮም የሌለው ካሴት ይሆናል።»

ጋሽ ወልዴ ዓይኔን እያዩ፣ «ሂድና አምጣው» አሉኝ። ቆዳውን ይሁን ሰውየውን አላሉም።

አንኮበር የደረስኩት ሲመሽ ነው። ጭጋጉ ከቆላ ወደ ላይ እየወጣ ረጃጅሞቹን የጅብራ ተክሎች አንድ በአንድ ይውጣል። የሸዋቀና አባት በር ከፍተው፣ «የማን ልጅ ነህ?» ሳይሉ አስገቡኝ። የገብስ ቂጣ በተልባ ቀረበ። ሸዋቀና ከማዶ ተቀምጦ ከበሮ ይጠፍራል፤ ቀና አላለም።

«አባባ፣ ቆዳዬ ተቀደደብኝ» አልኩ።

«ርጥቡን ወጥረህ ነዋ» አሉ ሽማግሌው። «ርጥብ ቆዳ ያታልላል፣ ልጄ። ጨርሶ ሲደርቅ ነው ልኩን የሚነግርህ።»

ጠዋት ስነሣ ሸዋቀና ከግድግዳው አንድ የደረቀ የፍየል ቆዳ አውርዶ ሰጠኝ። «ነክረው፣ ወጥረው፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። ጠዋት ፍም አሳየው፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ። ብሎኑን ከዚያ በፊት እንዳትነካ።»

«አንተስ አትመጣም?»

«አቃጣይ ብለህ ካስወጣኸኝ ቤት?»

ማረኝ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እኔ ግን፣ «እንግዲህ እንደፈለግህ» አልኩት።

ይባስ ብሎ መንገዱን ሁሉ ያንን ቆዳ ስጠረጥር ነው የመጣሁት። ለምን ሰጠኝ? መኪናው ቆም ባለ ቁጥር ወደ ብርሃን እያነሣሁ የተደበቀ ስንጥቅ ፈለግሁበት፤ አሸተትኩት፤ በጥፍሬ ጎተትኩት። ምንም አላገኘሁም። የነገረኝን አንድም ሳላጎድል አደረግሁ፤ ቅዳሜ ዕለት ድራሙ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይላላና ሳይቀጥን ዋለ። አቶ ፍሥሐ፣ «አዲስ አበባም እንዲህ ያለ አልሰማሁም» አለ። ቀዳዳው፣ ባናው፣ የበርኖሱ መምቻ የእኔ ናቸው፤ ማንም አይወስድብኝም። ከዘፈኖቹ በአንዱ ላይ ብቻ ሁሉም መሣሪያ ዝም ብሎ የሸዋቀና ከበሮ ለብቻው የሚናገርበት ቦታ ነበር። እንዳንሳሳት ብለን አዲስ ነገር አላስገባንበትም። ቦታው ሲደርስ አራት ምት ያህል ሁላችንም ዝም አልን፤ ከዚያ ቀጠልን። እንዲያው ተቀርጾ ቀረ።

ሸዋቀና ወደ ቡድኑ አልተመለሰም፤ እንደ አባቱ ከበሮ ጠፋሪ ሆነ። አሁንም ለቅሶ ቤት እንገናኛለን። ትከሻ ለትከሻ እንሳሳማለን፣ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ እናወራለን። ያንን ቆዳ ለምን እንደሰጠኝ ጠይቄው አላውቅም። መልሱን እጠረጥራለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከጠረጠርኩት ነገር ሁሉ እውነት ሆኖ እንዳይገኝ የፈራሁት ይህን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰጠኝ ወዳጄ ስለነበረ ነው።

ካሴቱን ዛሬ ወጣቶቹ በስልካቸው ይሰሙታል። አንዳንዶቹ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «ጋሼ፣ ያቺን ዝምታ እንዴት አሰቧት?» ይሉኛል። ስለ ድራሙ ሲያመሰግኑኝ ደረቴን ነፍቼ እቀበላለሁ፤ ይገባኛልም። ስለ ዝምታዋ ሲጠይቁኝ ግን፣ «እሷን የመታት ሸዋቀና የሚባል ሰው ነው፤ አንኮበር ሂዱና ጠይቁት» እላቸዋለሁ። እስካሁን ሄዶ የጠየቀው የለም። እኔም ጭምር።