የግራ ዓይኔ ጅራት

ዓይን መኳኳል የጀመርኩት ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ከዚያ በፊት ዓይኔ ለማየት ብቻ ነበር የሚያገለግለኝ። ልጅ ሆኜ ቡታጅራ፣ ዒድ ሲደርስ እናቴ ጭንቅላቴን ብብቷ ውስጥ ወትፋ "አትንቀሳቀሺ፣ ሱና ነው!" እያለች ኩል ታደርግልኝ ነበር። እኔ ግን እንደ ክትባት እንጂ እንደ ጌጥ አይቼው አላውቅም።

የዶርም ጓደኛዬ የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን አገጬን ይዛ ፊቴን ወዲያ ወዲህ አገላበጠችና፣ "ዓይንሽ እኮ አሪፍ ነው። ችግሩ፣ መኖሩን ማንም አያውቅም" አለችኝ። ሊደርቅ የተቃረበ አይላይነሯንም ሰጠችኝ። "ከሽፋሽፍትሽ ሥር ሥሩን ትስቢያለሽ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጅራት ታወጪለታለሽ፣ አለቀ።"

አለቀ ያለችው ለእሷ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ስጨርስ በቦክስ የተመታሁ መሰልኩ። ጓደኛዬ ክፉ ቃል የማይወጣት ልጅ ስለሆነች፣ "መብራት ጠፍቶብሽ ነው?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ስልክ ላይ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። ቪዲዮ ላይ ያሉት ሴቶች እያወሩ፣ እየሳቁ፣ አንዳንዴም ማስቲካ እያኘኩ ነው የሚሠሩት። እኔ ትንፋሼን ይዤ፣ አፌን እንደ ዓሣ ከፍቼ እንኳ መስመሩ ቀጥ አይልልኝም።

በዚህ መሀል ለታላቅ እህቴ ሽማግሌ ሊላክ ነው ተባለና ቡታጅራ ገባሁ። እህቴ ረጋ ያለች፣ ሳትኳኳል የምታምር ዓይነት ሰው ናት፤ ለዚህም ይቅር ብያት አላውቅም። ከልጁ ጋር ከተነጋገሩ ቆይተዋል። የቀረው ሽማግሌዎቹ መጥተው ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እንደ አዲስ መስማት ነበር።

እናቴ በርበሬ ነጋዴ ናት። ለእሷ ሽማግሌ መምጣቱ ሥራ አያስቆምም። ገና በጠዋቱ አንድ ማዳበሪያ ዛላ በርበሬ ፊቴ ዘረገፈችና፣ "የተማርሽ አይደለሽ? ቀንጥሺ" አለችኝ። ስቀነጥስ አረፈድኩ። እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ እጄን ለቅለቅ አድርጌ ወደ ጓዳ ሮጥኩና መስታወቱን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ዓይኔን ያዝኩት።

የቀኙ፣ እውነት ለመናገር፣ ተዓምር ነው የወጣው። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ጅራቱ ሽቅብ የቀና። መስታወቱ ፊት ቆሜ ራሴን አደነቅሁ። ከዚያ የግራው ቀረ። የግራው ጅራት ዝቅ አለብኝ። ከፍ ላደርገው ስል ወፈረ። ሲወፍር ቀኙ ያነሰ መሰለኝ። አባቴ ኮፍያውን ሊወስድ ገብቶ አየኝና፣ "ማን ነው የመታሽ?" አለኝ።

"ሜካፕ ነው አባባ።"

"አንዱን ዓይን ብቻ?"

የግራውን አጥፍቼ እንደገና ልጀምር ብዬ ጣቴን በምራቄ አረጠብኩና ጠረግሁት።

የቡታጅራ በርበሬ ዓይን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው መግለጽ አልችልም፤ ለሚያውቀው ደግሞ አያስፈልገውም። ዘለልኩ። ወንበር መታሁ። በሌላኛው ጣቴ ላብርደው ብዬ ባሰብኝ፤ ያም ጣት ለካ በርበሬ ሲቀነጥስ ያረፈደ ጣት ነው። ልክ በዚያች ሰዓት ከውጭ "አሰላሙ አለይኩም!" የሚል የብዙ ሰው ድምፅ መጣ። እናቴም ከኩሽና፣ "የት ገባሽ? እጅ አስታጥቢ!" ብላ ጮኸች።

እጅ ማስታጠብ የትንሿ ልጅ ሥራ ነው። ጆግና ሳፋ ይዤ ወጣሁ። ግራ ዓይኔ ተዘግቷል፣ ቀኙ በአዘኔታ አብሮት ያለቅሳል፣ ጥቁሩ ቀለም ከግራ ጉንጬ እስከ አገጬ ወርዷል። የመጀመሪያውን ሽማግሌ እጃቸውን አስታጠብኩ ብዬ ጉልበታቸውን አስታጠብኩ። እሳቸው ጨዋ ናቸው፤ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ሱሪያቸውን አራገፉ።

ሴቶቹ በመጋረጃ ተለይቶ በተዘጋጀው ክፍል ተቀምጠዋል። እዚያ ስደርስ የሙሽራው አክስት፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ድምፃቸው ገበያ የሚያሻግር ሴትዮ፣ ጆጉን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጡትና ክንዴን ያዙ።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ" አሉ፤ ሹክ ማለታቸው ነው፣ ግን መስጊድ ድረስ ይሰማል። "ልጃችንን ትወጂው ነበር እንዴ?"

ልመልስ ስል አፍንጫዬ ቀደመኝ። ስነፋረቅ ሴትዮዋ መልሱን ያገኙ መሰላቸው። "ያ ረቢ!" ብለው ደረታቸውን መቱ። ከመጋረጃው ወዲያ የነበረው ንግግር ቆመ። ጉልበታቸው የራሰው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው አባቴን፣ "እኛ የመጣነው ለታላቋ ነበር። በመሀል የማናውቀው ነገር ካለ..." ማለት ጀመሩ። አባቴም እያሰበበት ነበር መሰለኝ።

እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ከኩሽና ወጣች። ፊቴን አየች፣ እጄን አንስታ አሸተተችና ወደ ወንዶቹ ዞረች።

"ልጄ ዓይን ውስጥ የገባው በርበሬ እንጂ ፍቅር አይደለም! ቀጥሉ!"

መጀመሪያ የሳቁት ጉልበታቸው የራሰው ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እህቴ፣ በዚያን ቀን አንገቷን ደፍታ መቀመጥ የሚጠበቅባት እህቴ፣ ከተደበቀችበት ክፍል ሆዷን ይዛ ወጣች። ጓሮ ወስዳ ዓይኔን በቀዝቃዛ ወተት እያጠበች፣ "አንቺ፣ ከፈለግሽው እኮ ውሰጂው፣ ብቻ አታልቅሺ" ትለኛለች። ልመታት ፈልጌ የት እንደቆመች አልታየኝም።

ዓይኔ ሲከፈት ሽምግልናው አልቆ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ምግብ ቀርቦ ነበር። ፊቴን ታጥቤ ስገባ አክስትየው እንደገና ጠሩኝ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።

"ይሄኛው ምንድን ነው?" አሉ ቀኝ ዓይኔን በጣታቸው እያሳዩ። ያ ሁሉ እንባ ወርዶበት ንቅንቅ አላለም።

"አይላይነር ነው፣ እማማ።"

"ለእኔም አድርጊልኝ።"

ጀማሪ ነኝ ብል አይሰሙም። እጄን ከክንዴ ጀምሬ በሳሙና ሦስቴ ታጠብኩና ጀመርኩ። የእሳቸው የዓይን ቆብ የተጨማደደ ነው። መስመሩን በአንድ ጊዜ ስስበው እንደ ገደል መንገድ ተጠማዘዘ። በጥጥ አጠፋሁት። "ወደ ታች ወደ እግርዎ ይዩልኝ" አልኳቸው፤ ክርኔን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩና ከሽፋሽፍታቸው ሥር ትንንሽ ነጥብ ጣል ጣል አድርጌ ነጥቦቹን አያያዝኳቸው። የሆነልኝ እንደዚያ ነው። አሁንም ቢሆን ለማንም ጀማሪ የምለው ይህንኑ ነው፤ መስመር አትስቢ፣ ነጥቢና አያይዢው። የሁለቱ ዓይን ጅራት ልክ እኩል አልሆነም። ግን የማን ዓይን እኩል ነው?

መስታወት ሰጠኋቸው። ቀረብ ራቅ እያደረጉ ራሳቸውን አዩ።

"ሟቹ ቢያየኝ ይደነግጥ ነበር" አሉ በመጨረሻ።

"በደስታ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። ብቻ ይደነግጥ።"

ለሠርጉ የራሳቸውን አይላይነር ገዝተው፣ ዘመዶቻቸውን አስከትለው መጡ። እህቴን የሚያሰማምራት ባለሙያ ከወልቂጤ መጥታ ስለነበር እኔ ጓዳ ቁጭ ብዬ አሮጊቶቹን ተራ በተራ ኳልኩ። አንዳቸው ሳልጨርስላቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ግራ ዓይናቸውን ተኝተው ነው የሠራሁት፣ እንዲያውም በጣም አምሮ የወጣው እሱ ነው።

ከሠርጉ በኋላ በእኛ ወገን ሠርጉ ላይ የነበሩ አንድ ሚስት የሌላቸው ሰውዬ ለአክስትየው የጋብቻ መልእክተኛ ላኩ። እሳቸው ግን አልተቀበሉም። ምክንያቱን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤

"ያየው ዓይኔን ነው፣ ልጄ። ምላሴን ገና አልሰማም።"